የጭቃው ሜዳ ቅዳሜዎች

ያን ዓመት አዮዋ ውስጥ በጋ የሚባል ነገር ሳይታይ ቀረ። ሚያዝያ ላይ የጀመረው ዝናብ ግንቦትን አልፎ ሰኔ ገባ። ወንዞቹ ሞልተው በየማሳው ተንጣለሉ፤ በቆሎ መዝራት የነበረበት ገበሬ ሁሉ ትራክተሩን መጋዘን አስገብቶ ከመስኮት ሥር ሰማይ ሲያይ የሚውል ሆነ። ማርሊስ ኮፔኪ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደወጣች፣ በእንፋሎቱ የራሰው ፀጉሯ ሳይደርቅ፣ ወደ ታላቅ ወንድሟ እርሻ ትነዳለች።

ወንድሟ ኤልደን ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነበር። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ማታ በአፈር ሜዳ ላይ መኪና ሲያሽቀዳድም የኖረ ሰው ነው። ሚስት አላገባም። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ “የሞተር ዘይት የሚሸት ትራስ የምትወድ ሴት ካገኛችሁ ላኩልኝ” ብሎ ያልፈዋል። ማርሊስን ባሏ በሞተ ማግስት፣ ረዳቱ ስለታመመበት፣ “ለዛሬ ብቻ ፒካፑን ንጂልኝ” አላት። ያቺ ዛሬ ሳታልቅ ዓመታት ሄዱ። አሁን ተሳቢውን የምትጎትተውም፣ ጎማ የምታንከባልለውም፣ መስታወቱን የምትወለውለውም እሷ ናት።

“ዛሬስ የሚያጫውተን ይመስልሃል?” ትለዋለች ሰማዩን ቀና ብላ እያየች።

“በምዕራብ በኩል ትንሽ ብርሃን አለ።”

“እሱ ብርሃን አይደለም፣ የጎረቤትህ ጎተራ ቆርቆሮ ነው።”

“አንቺ ደግሞ ሲያምርሽ!” ይልና ቀይዋን የውድድር መኪና ገፍቶ ተሳቢው ላይ ያወጣታል።

ከዚያ አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ ይያያዙታል። ድልድዩ በጎርፍ የተዘጋ ቀን በሌላ በኩል ዞረው ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ብራሺ ፎርድ የሚባለው ትንሽ ከተማ የእርሻ ትርኢት ሜዳ አለው፤ በሜዳው መሃል ደግሞ የውድድሩ ክብ መንገድ። ሸክላ አፈር ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እነሱ ሲደርሱ ግሬደሩ ውሃውን እየገፋ ሲንከላወስ ያገኙታል፤ ሜዳውን የሚያስተዳድረው ሆሊስ የሚባለው ወፍራም ሰውዬ በላስቲክ ቦቲ ጭቃውን እየረገጠ ይመረምራል። ተወዳዳሪዎቹ መኪኖቻቸውን ሳያወርዱ በየፒካፑ ውስጥ ተቀምጠው ከፔርሙዝ ቡና ይጠጣሉ። መጥረጊያው መስታወቱን ግራ ቀኝ ይላል። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያው ያስላል።

“ወገኖቼ፣” ይላል ሆሊስ፣ “ዛሬም ሰማዩ አሸንፎናል። የአሳማ ጥብሱ ግን ተጠብሷል፤ እባካችሁ በልታችሁልኝ ሂዱ፣ አለዚያ ሚስቴ ትገድለኛለች።”

ጥብሱን በዳቦ ይዘው፣ ወረቀቱ እጃቸው ላይ እየራሰ፣ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ሁሌም ከመውጣታቸው በፊት ላቨርን ሽቱምፍ ወደ መስኮታቸው ይመጣል። ላቨርን የኤልደን የዘመናት ባላንጣ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ የወተት ላሞች አርቢ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንዱ ሌላውን ሲቀድም፣ አንዱ የሌላውን መከላከያ ብረት ሲያጣምም ኖረዋል።

“ኤልደን፣ ይቺን ሣጥን ለምን ጀልባ አታደርጋትም? ቢያንስ ትንሳፈፍ ነበር።”

“አንተን ጎትቼ ላወጣ ነዋ የማመጣት።”

“ማርሊስ፣ እግዜር ያጽናሽ። ይሄን ሽማግሌ ጭነሽ ስትዞሪ አርጅተሽ ቀረሽ እኮ።”

“አንተን ያገባችውም አላማረባትም” ትለዋለች፤ እየሳቀ ይሄዳል።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ብቻ ደመናው ፋታ ሰጠ። መኪኖቹ ወረዱ፤ ሞተሮች ተነሡ፤ ሆሊስም “ለማሟሟቂያ ውጡ” አለ። ኤልደን በመስኮቱ ሾልኮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሄልሜቱን ጫነ፤ ሞተሩን ግን አላስነሣም። ማርሊስ ጎንበስ ብላ አየችው። ከአገጩ ሥር ያለውን ማሰሪያ ቀለበት ውስጥ ለማስገባት እየታገለ ነው። ማሰሪያው ቀለበቱን ይነካና ይስታል፣ ይነካና ይስታል። ጣቶቹ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ይንቀጠቀጣሉ።

“ነይ እስቲ እሰሪልኝ” አላት ሳያያት። “ጓንቱ አላስቻለኝም።”

ጓንቶቹ ጭኑ ላይ ነበሩ። ማርሊስ አየቻቸው፤ እሱም እንዳየቻቸው አየ። አሰረችለት። ሦስት ዙር እንኳ ሳይሄዱ ዝናቡ እንደ ባልዲ ውሃ ተደፋና ሁሉም ወደየጥጋቸው ሮጡ። ማርሊስ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ደነገጠች።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከእሱ ላይ ልትነቅል አልቻለችም። ቡና ሲቀዳ ግማሽ ኩባያ ብቻ እንደሚቀዳ አየች። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ መልበስ ትቶ ዚፕ ባለው ጃኬት እንደሚወጣ አየች። አገጩ ላይ የምላጭ ቁስል አየች። አንድ ጊዜ ፒካፑ ውስጥ፣ “እጅህን ሐኪም አየልህ?” አለችው።

“እጄ ምን ሆነ?”

“ኤልደን።”

“ዕድሜ ልኩን የትራክተር መሪ የጨበጠ እጅ ነው። ምን ይሁን ብለሽ ነው? ፒያኖ ይጫወት?”

እሷም አልገፋችበትም። ሳምንቱን ሙሉ የአልጋ ልብስ ስትዘረጋና ስታጥፍ ትውላለች፤ መጦሪያው ውስጥ እጃቸው እንዲያ የሚንቀጠቀጥ ሰዎች አሉ፤ ማንኪያ ይዘው የጀመሩ፣ ከዚያ ማንኪያውን ሌላ ሰው የያዘላቸው። የነሱን ፎጣና ሲበሉ አንገታቸው ላይ የሚያስሩትን ጨርቅ እያጠበች ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ነገር ግን ኤልደን ከሜዳው ሌላ ምን አለው? ማሳው ውሃ ነው። ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ አርብ ማታ የአየር ትንበያውን ስትሰማ፣ አገሩ ሁሉ ዝናቡ እንዲያባራ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲለምን፣ እሷ ተቃራኒውን ትመኝ ጀመር። ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኛል ትላለች ለራሷ። ቅዳሜ ግን ያው ሄዳ ፒካፑን ታስነሣለች።

ሐምሌ ላይ ወንዙ ብራሺ ፎርድን ሊውጣት ደረሰ። ሆሊስ ስልክ ደውሎ ተወዳዳሪዎቹን በሙሉ ጠራቸው፤ ፒካፕ ያለው ሁሉ ይምጣ ተባለ። በውድድሩ ሜዳ አጥር ጥግ አሸዋ እንደ ኮረብታ ተቆለለ፤ ሰዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎርፉን ለሚገታው ግድብ ጆንያ ይሞሉ ጀመር፤ አንዱ በአካፋ ይዝቃል፣ አንዱ የጆንያውን አፍ ከፍቶ ይይዝና ያስራል። ኤልደን ለማሰር ተቀመጠ። ማርሊስ ከፒካፑ ላይ ሆና ታየዋለች። ሲባጎውን አንዴ ጠመጠመ፤ አመለጠው። እንደገና ጠመጠመ። ጆንያው ዘመመና አሸዋው እግሩ ላይ ፈሰሰ። አጠገቡ አካፋ ይዞ የቆመው ላቨርን ነበር።

አሁን ያላግጥበታል ብላ ፈራች።

ላቨርን አካፋውን አሸዋው ላይ ሰካ። “ወገቤን ገደልኸኝ” አለ ጮክ ብሎ። “እኔ ስዝቅ አንተ ተቀምጠህ የምትዝናና! ና፣ ተነሥ፣ እንቀያየር።”

ኤልደን ተነሣና አካፋውን ያዘ። መዛቁን ይችልበት ነበር፤ እስከ ማታ ድረስ ቀጥ ብሎ ዛቀ። ላቨርን መሬት ላይ ተቀምጦ ጆንያ ሲያስር ዋለ፤ አፉም ከልማዱ ውጪ ዝም አለ።

ሲመሽ ማርሊስ ከቀይ መስቀል ድንኳን ሾርባ ልትቀበል ስትሰለፍ ላቨርን ከኋላዋ መጣ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ምኑ?”

“ማርሊስ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም።”

የያዘችውን የወረቀት ሳህን አየች። “እኔ ያየሁት ሰኔ ላይ ነው። እሱ ያወቀው መቼ እንደሆነ አላውቅም። አያወራም።”

“በዚህ እጅ ነው እንግዲህ ከኔ ጎን የሚነዳው።”

“ንገረው። አንተን ይሰማሃል።”

“እኔን?” ላቨርን ሳቅ የመሰለ ነገር አሰማ። “ፈራኸኝ ነው የሚለኝ። ታውቂው የለ። አንቺ ለምን አትነግሪውም?”

“ደክሞኛል ላቨርን” አለች። እሱም አላስጨነቃትም፤ የራሱን ዳቦ ሾርባዋ አጠገብ አስቀምጦላት ሄደ።

ግድቡ ተደፍኖ ከተማዋ ተረፈች፤ የመብራት ምሰሶዎቹ የቆሙበት ዝቅተኛው የሜዳው ጥግ ግን ውሃ ገብቶበት ሽቦዎቹ ተበላሹ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ድንገት ጠራ። ነፋስ ነፈሰ፤ አፈሩ ደረቀ። ሆሊስም መብራት ስለሌለ ውድድሩን እሑድ ከሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ሰው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ትሪቡኑ ግጥም አለ። ክረምቱን ሁሉ ቤቱ ታግቶ የከረመ ሕዝብ ነው፤ አቧራ ሲያይ እንኳ ያጨበጭባል።

ማርሊስ የሄልሜቱን ማሰሪያ አሰረችለት። አሁን ልማድ ሆኖ እሱም አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቃታል።

“ዛሬ ባትወጣስ?” አለችው እጇን ሳታነሣ።

“ሰው ሁሉ መጥቷል እኮ።”

“እሱን አልጠየቅኩህም።”

ሞተሩን አስነሣ።

ከአጥሩ ጋር ተጣብቃ ቆመች። ሃያ ዙር ነው። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፤ የድሮው ኤልደን ነበር፤ መኪናዋን በጎኗ እያንሸራተተ በየጥምዝምዙ ይወረወራል፤ ከመሃል ተነሥቶ አራተኛ ወጣ። ላቨርን ከኋላው አምስተኛ ሆኖ ተከተለው። ከዚያ፣ እኩሌታው ሲያልፍ፣ ሦስተኛው ጥምዝምዝ ላይ የኤልደን ቀይ መኪና ከመስመሯ ወጥታ ወደ ውጪ ተንሳፈፈች፤ ከውስጥ በኩል አንድ ጭነት መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። ሰው ሁሉ ላቨርን ዘው ብሎ እንዲገባ ጠበቀ። ላቨርን ግን አልገባም። በዚያው ክፍተት አፍ ላይ መኪናውን ደንቅሮ ቀረ፤ ከኋላው ሊያልፉ የሚተራመሱት ወጣቶች መንገድ አጥተው ፍሬን ያዙ። ኤልደን ተስተካክሎ ተመለሰ። ከጥቂት ዙር በኋላ እዚያው ቦታ፣ ያው ነገር እንደገና ሆነ፤ ላቨርንም ያንኑ አደረገ። እንደ ላም ጠባቂ ግራ ቀኝ እያለ፣ አንድም ሰው ኤልደንን ሳያስነካ፣ እስከ መጨረሻው አጅቦት ገባ።

ማርሊስ የአጥሩን ሽቦ ስትለቀው መዳፏ ላይ መስመር ወጥቶ ነበር።

ኤልደን ከመኪናው ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። “አራተኛ!” አላት። “አየሽ? አራተኛ!” ሄልሜቱን እስክትፈታለት ቆመ። እየፈታችለት ሳለ ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየችው። ወደ ላቨርን መኪና ዞሮ ቆየና በቀጥታ ወደዚያ ሄደ።

“ለምን አላለፍከኝም?”

ላቨርን ፊቱን በጨርቅ ይጠርጋል። “ፈጠንክብኛ። ምን ላድርግ?”

“ሁለት ጊዜ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼልሃለሁ።”

“አቧራ ነበር። አላየሁም።”

“አንተ? አንተ የመርፌ ቀዳዳ ካገኘህ የምትገባው ሰውዬ?” የኤልደን ድምፅ ከፍ አለ፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎች መሥራታቸውን አቆሙ። “ዕድሜህን ሁሉ ስትገጨኝ ኖረህ ዛሬ ምን ሆንክ? ሞግዚቴ ነህ?”

“ዝም በል ኤልደን። ወደ ቤትህ ሂድ።”

“እንደ ሕፃን ጠብቀኝ ያለህ ማን ነው?”

የላቨርን ዓይን ሳያውቀው ወደ ማርሊስ ሄደ፤ ያ በቂ ነበር። ኤልደን ዞሮ አያት። በሕይወቷ እንዲያ አይቷት አያውቅም።

መኪናዋን አብረው ጫኑና መንገድ ጀመሩ። ከመንገዱ በሁለቱም በኩል ማሳው በጭቃ የታጨደ ይመስላል፤ ውሃው ሲሸሽ የተወው በቆሎ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ብዙ ከነዳች በኋላ ማርሊስ ዝም ማለት አልቻለችም።

“አልነገርኩትም” አለች። “ራሱ አይቶ ጠየቀኝ። አልዋሸሁትም፣ ይሄው ነው። ብትፈልግ ተቆጣ።”

ማርሽ ቀይራ ቀጠለች።

“ክረምቱን ሁሉ ምን ስመኝ እንደከረምኩ ታውቃለህ? ዝናብ። ሰው ማሳው ሲሰምጥ እያለቀሰ፣ እኔ አንተ እንዳትነዳ ብዬ ዝናብ ስመኝ።”

ኤልደን ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ትከሻው ሲነቃነቅ አየችና የሚያለቅስ መሰላት፤ ፒካፑን ወደ ዳር አወጣችና አቆመች። እየሳቀ ነበር፤ ደስ የማይል፣ የደከመ ሳቅ።

“እኔስ ምን የምመኝ ይመስልሻል?” አላት።

“ምን?”

“እኔም ዝናብ ነዋ። ከግንቦት ጀምሮ። ያቺ መጥረጊያ ስትወዛወዝ እያየሁ፣ ዝናቡን በርታ በርታ እለው ነበር። እስከ ሜዳው በር ድረስ ሄጄ ሰማዩ ቢመልሰኝ ማንም ምንም አይለኝም ብዬ።”

ማርሊስ አፏን ከፍታ አየችው። “ታዲያ ለምን እየጠራህ ታስነዳኛለህ?”

“መቼ ጠራሁሽ? አንቺ ነሽ እየመጣሽ ፒካፑን የምታስነሺው!”

“አንተ መኪናዋን አጥበህ እየጠበቅከኝ!”

“ከዚያ መጦሪያ ወጥተሽ ስትመጪ ዛሬ አልሄድም ልበልሽ? ለአንቺም ሌላ መውጫ የለሽም ብዬ ነው እኮ!”

መሪውን በመዳፏ መታችው። “ያን ሁሉ ቅዳሜ! ኤልደን፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ቤቴ ተኝቼ ማሳለፍ እችል ነበር!”

“እኔም” አለ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እጆቹን ጭኑ ላይ ዘረጋቸው። ቀኙ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊደብቀው አልሞከረም። “ሲጀምር ትንሿ ጣት ብቻ ነበረች” አላት። “ካቻምና ገና። ከዚያ ወደዚህ መጣ። ዛሬ እዚያ ጥምዝምዝ ላይ እጄን መሪውን ያዝ ስለው አልሰማኝም። የሆነ ሰው ልገድል እችል ነበር።”

“እጅህን ስጠኝ” አለችው። ያዘችለት። በመዳፏ ውስጥ እንደ ወፍ ይመታ ነበር። ከኋላቸው የመጣ ፒካፕ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ምንም እንዳልሆኑ አይቶ አለፋቸው።

ሐኪም ቤት የሄዱት በመስከረም ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የነገረቻቸው፤ እነሱ ግን ከመንገሯ በፊት ያውቁት ነበር። ክኒኑ ይረዳል፣ ለጊዜው፤ አያድንም። ትራክተሩን ለጊዜው መንዳት ይችላሉ፣ ውድድሩን ግን ይርሱት አለችው። ኤልደን ራሱን ነቀነቀ። ሲወጡ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመና፣ “ቢያንስ እኔ አቆምኩ አላልኩም፤ ሐኪም ከለከለችኝ” አላት። ማርሊስ እንኳን ይሄን አገኘህ አለች በልቧ።

መኪናዋን ለላቨርን ሰጠው። የተቀያየሙበትን ነገር ማንም አላነሳም። ላቨርን ራሱ ሊወስዳት መጣ፤ ሁለቱ መጋዘኑ ውስጥ ቆመው ስለ ጎማና ስለ ማርሽ ብዙ ተጨቃጨቁ። ላቨርን ሲወጣ፣ “ቀለሟን ግን እቀይራታለሁ፤ በቀይ የሚነዳ አንተ ብቻ ነህ” አለው።

“ባትቀይራት ደግሞ አንተን የሚመስላት ሰው ይጠፋ ነበር?” አለው ኤልደን። ማንም ያልገባው መልስ ነው፤ ላቨርን ግን በሳቅ ሞተ።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ጥቅምት ላይ ነበር፤ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ ከሰዓት። ማርሊስ በዚህ ሁሉ ዘመን ትሪቡን ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ከታች፣ ከአጥሩ ጋር፣ ከጭሱ ጋር ነች። አሁን ከወንድሟ ጎን እንጨቱ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበታቸው ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተጋሩ። ፀሐዩ ከፊት ለፊት ይመጣ ነበር። ከታች ሞተሮቹ ሲነሡ እንጨቱ ከሥራቸው ተርገፈገፈ።

ኤልደን ወዲያው ላቨርን ላይ መጮህ ጀመረ። “ወደ ላይ! ወደ ላይ ያዛት አንተ ድንዝዝ! እንደ ላም ነው እንዴ የምትነዳት?” ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ዞረው ሳቁበት። አንዷ ሴትዮ ኦቾሎኒ ሰጠችው፤ ክኒኑ መንቀጥቀጡን ስለያዘለት ራሱ ፈልፍሎ በላ፤ ልጣጩ ግማሹ ማርሊስ ላይ ተራገፈ።

“አየሽው? ያንን ቀዳዳ እኔ ብሆን...” ብሎ ዞረ።

ማርሊስ ትከሻው ላይ ዘንበል ብላ እንቅልፍ ወስዷታል። ሃያ መኪና ከሥሯ እያገሳ፣ አቧራው ፀጉሯ ላይ እየወረደ፣ አፏ ትንሽ ከፈት ብሎ፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ኤልደን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ብርድ ልብሱን ወደ እሷ ጎን ስቦ አለበሳትና፣ ላቨርን የመጨረሻውን ጥምዝምዝ ሲያበላሽ እንኳ አልጮኸም።